እርሳስ በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው እንዴት ነው?

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ ከምግብ፣ ከውሃ ወይም ከአቧራ ጋር የተዋጠ እርሳስና መሰሎቹ ከባድ ብረታ ብረቶች የአንጀትን ግድግዳ አልፈው ደም ውስጥ የሚደርሱበት መንገድ። እርሳስ ስንል መርዛማውን ከባድ ብረት ማለታችን ነው። የመጻፊያ እርሳስ መሃሉ ከግራፋይትና ከሸክላ የተሠራ በመሆኑ ልጅ ቢያኝከውም በእርሳስ አይመረዝም። አይረን ስንል ደግሞ ሰውነት ደም ለመሥራት የሚጠቀምበትን ማዕድን ማለታችን መሆኑን አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

ጥያቄ፦ «የሁለት ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አለችኝ። የምንኖርበት ቤት አሮጌ ስለሆነ በቅርቡ የግድግዳውንና የመስኮቱን ቀለም አስፍቀን አሳደስነው። ከእድሳቱ በኋላ በተደረገላት ምርመራ በደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ በዴሲ ሊትር 11 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ። እኔና አባቷ በዚያው ቤት እየኖርን የሁለታችንም ውጤት ከ3 በታች ነው። በትምህርት ቤት የተማርኩት አንጀት የሚጠቅመውን ወስዶ የማይጠቅመውን እንደሚያስወጣ ነበር። ታዲያ መርዝ ለምን ያስገባል? የልጄስ ለምን ከእኛ በለጠ?» — አንዲት እናት

መልስ፦ በትምህርት ቤት የተማሩት ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን አንጀት ጠቃሚውን ከጎጂው የሚለይበት መንገድ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው በቆሙ አንድ ረድፍ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። በእነዚህ ሕዋሳት ገጽ ላይ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ተቀብለው ወደ ውስጥ የሚያሻግሩ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህ አሻጋሪዎች መታወቂያ ሳይጠይቅ በቁመናና በአለባበስ ብቻ እየለየ እንደሚያስገባ ዘበኛ ናቸው፤ የሚያዩት የመጣውን ነገር መጠንና የተሸከመውን የኤሌክትሪክ ሙል እንጂ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ሥራ አይደለም። እርሳስ በአሲድ ሲሟሟ ሁለት አዎንታዊ ሙል ያለው አዮን ይሆናል። ካልሲየምና አይረንም አንጀት ለመምጠጥ በሚመቸው መልካቸው ሁለት አዎንታዊ ሙል ያላቸው አዮኖች ናቸው። ስለዚህ እርሳስ የአንጀትን ግድግዳ ቀድዶ ወይም አቁስሎ አይገባም፤ አንጀት ራሱ ለካልሲየምና ለአይረን በሠራው መንገድ ነው ተቀብሎ የሚያሳልፈው።

ጉዞው የሚጀምረው ከጨጓራ ነው። ልጅዎ በእጇ ላይ የያዘችውን የቀለም አቧራ ስትውጥ እርሳሱ በመጀመሪያ መሟሟት አለበት፤ ያልሟሟ እርሳስ በአብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል። የጨጓራ አሲድ ይህን የማሟሟት ሥራ በሚገባ ይሠራዋል፤ በተለይም ብናኙ የደቀቀ ከሆነ ለአሲዱ የሚጋለጠው ገጹ ሰፊ ስለሚሆን በፍጥነት ይሟሟል። ቀለም በደረቁ ሲፈቀፈቅ የሚነሳው አቧራ አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ግን ትልቅ ቁራጭ ቢዋጥ አያሰጋም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት አንድ የ4 ዓመት ሕፃን ከአምባር ጋር የሚንጠለጠል ትንሽ የልብ ቅርጽ ያለው ጌጥ ውጦ ነበር። ጌጡ ከሞላ ጎደል ንጹሕ እርሳስ ነበር፤ በጨጓራው ውስጥ ቆይቶ በአሲድ እየተሸረሸረ ሲሄድ በልጁ ደም ውስጥ የነበረው እርሳስ በዴሲ ሊትር 180 ማይክሮግራም ደረሰ፤ ሕፃኑም ሞተ። ጨጓራ ውስጥ የተቀመጠ የእርሳስ ቁራጭ በየሰዓቱ አዲስ መርዝ ወደ አንጀት የሚልክ ምንጭ ነው።

የሟሟው እርሳስ ከጨጓራ ወጥቶ የሚገባው ዱዎዲነም ወደሚባለው የትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ነው። አይረንና ካልሲየም ከሁሉ ይበልጥ በትጋት የሚመጠጡት በዚሁ ስፍራ ስለሆነ እርሳስም በብዛት የሚያልፈው እዚሁ ነው። አይረንን የሚቀበለው አሻጋሪ ፕሮቲን ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን ዲ.ኤም.ቲ. 1 በሚል አጭር ስም ይጠራል። ይህ ፕሮቲን ከጨጓራ አሲድ የሚመጣውን የሃይድሮጅን አዮን እንደ ግፊት ተጠቅሞ አይረንን ወደ ሕዋሱ ያስገባል፤ ከአይረን ጋር ግን ማንጋኒዝን፣ ኮባልትንና ካድሚየም የተባለውን መርዛማ ከባድ ብረትም ይቀበላል። እርሳስም በከፊል በዚህ መንገድ እንደሚያልፍ የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። ይሁን እንጂ የእርሳስ መንገድ ይህ ብቻ አይደለም፤ የካልሲየሙንም መንገድ ይጋራል። ካልቢንዲን የሚባለውና በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየምን ይዞ የሚያመላልሰው ፕሮቲን እርሳስን ሲያገኝ ከካልሲየም ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። ጥቂቱ ደግሞ በሕዋሳቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ሾልኮ ያልፋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልግለጸው፤ የችግሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሰውነት በቂ አይረን ሲኖረው ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ይህም ሆርሞን አይረን ከአንጀት ሕዋስ ወደ ደም የሚወጣበትን በር እንዲዘጋ ያደርጋል። ካልሲየምም እንዲሁ በቫይታሚን ዲ እና በሌሎች ሆርሞኖች ቁጥጥር ሥር ነው። ለእርሳስ ግን በቃ የሚል ሆርሞን የለም። አንጀት የእርሳስን መጠን መዝኖ መንገዱን የሚያጠብበት ሥርዓት ስለሌለው፣ ምን ያህል እንደሚያስገባ የሚወስነው ሰውነት ለካልሲየምና ለአይረን ያለው ረሃብ ነው። ደም ውስጥ ከደረሰው እርሳስ ውስጥ ወደ 99 በመቶ የሚሆነው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ይቀመጣል። ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ድረስ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። አጥንት ውስጥ የገባው ግን፣ እዚያም ካልሲየምን መስሎ ስለሚቀመጥ፣ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። ትልቅ ሰው ከምግቡ ጋር ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው በአብዛኛው ከ10 በመቶ አይበልጥም፤ ትንሽ ልጅ ግን ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ያስገባል። ሦስታችሁም እኩል አቧራ ብትውጡ እንኳ የልጅዎ ድርሻ ከእናንተ አራትና አምስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ምክንያቱ አጥንቷና ደሟ በፍጥነት እያደጉ በመሆናቸው አንጀቷ ካልሲየምና አይረንን ለመሰብሰብ አሻጋሪዎቹን በብዛት ማሰለፉ ነው። በዚያ ላይ ወለል ላይ ትጫወታለች፣ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች፣ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ከእናንተ ይልቅ ብዙ ትበላለች፣ ብዙ ትጠጣለች። አንጎሏም ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ እርሳስ የሚያደርስበት ጉዳት ከእናንተ ይከፋል። ይህን የምልዎ እንዲጨነቁ ሳይሆን፣ የእናንተ ውጤት ዝቅተኛ መሆኑ የቤቱን ደኅንነት እንደማያረጋግጥ እንዲረዱልኝ ነው።

የልጅዎ ውጤት ቸል የሚባል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ያሳስባል፤ ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠን እንደማይታወቅም ድርጅቱ ይገልጻል። በመሆኑም መጀመሪያ መደረግ ያለበት አቧራውን ማስወገድ ነው። ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉ፤ ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት እጇን በሳሙና ያጥቡላት፤ መጫወቻዎቿንም እንዲሁ። የቀረ የፍቅፋቆ ሥራ ካለ እርስዎም እሷም ቤት ውስጥ ባላችሁበት ጊዜ አይሠራ። ሐኪሟ የአይረን መጠኗን እንዲመረምር ይጠይቁ፤ አይረን ወይም ካልሲየም ጎድሏት ከተገኘ ጉድለቱን መሙላት የሕክምናው አካል ነው። የደም ምርመራውም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መደገም ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ «አሮጌ የመኪና ባትሪ ተፈትቶ እርሳሱ በሚቀልጥበት ቦታ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የቆዩት ሠራተኞች ጠዋት ወተት ጠጥቶ የገባ ሰው እርሳስ አይነካውም ይሉኛል። እውነት ነው? ሰሞኑን ሆዴን እየቆረጠኝ ነው፤ ሰገራም ከወጣኝ ቀናት ያልፋሉ።» — ሠራተኛ

መልስ፦ በመጀመሪያ የሆድዎን ነገር ልናገር። እርሳስ በሚቀልጥበት ቦታ የሚሠራ ሰው የሆድ ቁርጠትና ድርቀት አንድ ላይ ሲይዘው ይህ በእርሳስ የመመረዝ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ጊዜ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሄደው ሥራዎን በግልጽ ተናግረው በደምዎ ውስጥ ያለው እርሳስ እንዲለካ ይጠይቁ። ሥራዎን ካልነገሩት ሐኪሙ የጨጓራ ወይም የትል በሽታ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይህ ቁርጠት በሕክምና ታሪክ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 ጆርጅ ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዴቨን አውራጃ ሰዎችን ለብዙ ጊዜ ሲያሠቃይ የኖረው ከባድ የሆድ ቁርጠት ከፖም መጠጥ ጋር የሚመጣ እርሳስ እንደሆነ አሳይቷል፤ የፖም መጭመቂያዎቹ በእርሳስ የተለበጡ ነበሩና አሲዳማው ጭማቂ እርሳሱን እያሟሟ ይወስደው ነበር።

ስለ ወተቱ የነገሩዎት ግን ጥቂት እውነት ያለበት አሳሳች ምክር ነው። እውነቱ ባዶ ሆድ አደገኛ መሆኑ ነው። ጤነኛ በሆኑ ትልልቅ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ምግብ በልተው እርሳስ የወሰዱት ወደ ደማቸው ያስገቡት 6 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለአንድ ቀን ሳይበሉ የቆዩት ግን ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አስገብተዋል። ልዩነቱ የመጣው በምግብ ውስጥ ያሉት ካልሲየም፣ ፎስፌትና ሌሎች ነገሮች ገሚሱን እርሳስ አስረው ስለሚይዙትና ከቀሪውም ጋር በአሻጋሪዎቹ ላይ ስለሚሻሙ ነው። ስለዚህ ቁርስ ሳይበሉ ወደ ሥራ አይግቡ።

ወተት ግን ለብቻው ጋሻ አይሆንም። ካልሲየሙ ከእርሳስ ጋር ቢሻማም፣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርመራዎች የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ የእርሳስን መመጠጥ ሲጨምር ታይቷል። ከሁሉም በላይ ወተቱ የሚደርሰው ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። እርሳስ ሲቀልጥ የሚነሳው ጭስና ልም ብናኝ ወደ ሳንባ ጠልቆ ሲገባ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ያልፋል፤ ለዚያ መንገድ ወተትም ሆነ ሌላ ምግብ አያግዝም። ወፈር ያለው ብናኝ ደግሞ በአየር ቧንቧ አክታ ተይዞ ወደ ጉሮሮ ይመለስና ሳይታወቅ ይዋጣል። ስለዚህ የእርስዎ አንጀት ከምሳ ዕቃዎ ብቻ ሳይሆን ከሚተነፍሱት አየርም እርሳስ ይደርሰዋል። ወተት ጠጥቻለሁ ብሎ ጭንብሉን የሚያወልቅ ሠራተኛ ተታልሏል፤ ወተት በማደል ብቻ ሠራተኛን ጠብቄአለሁ የሚል አሠሪም ግዴታውን አልተወጣም።

የሚጠቅምዎ የተገቢ ዓይነት የመተንፈሻ ጭንብልና ጭሱን ስቦ የሚያወጣ የአየር ማስወጫ ነው። በሥራ ቦታ አለመብላት፣ አለመጠጣትና አለማጨስም እንዲሁ፤ በእጅ ላይ ያለው እርሳስ በሲጋራም በኩል ወደ አፍ ይገባልና። የሥራ ልብስና ጫማዎን ሥራ ቦታ አውልቀው፣ ታጥበው ወደ ቤት ይሂዱ። ልጆች ካሉዎት ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ለእናትየዋ በሰጠሁት መልስ ውስጥ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ «የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የደም ማነስ እንዳለብኝና አይረን እንደሚያንሰኝ ተነግሮኛል። የደም ማነስ ያለበት ሰው በከባድ ብረታ ብረት በቀላሉ ይመረዛል የሚለውን አንብቤ ደነገጥኩ። ሲጋራም አጨሳለሁ።»

መልስ፦ ያነበቡት መሠረት አለው። አይረን ሲያንስ የአንጀት ሕዋሳት ዲ.ኤም.ቲ. 1 የተባለውን አሻጋሪ በብዛት ይሠራሉ፤ በምግብ ውስጥ ያለችውን ጥቂት አይረን ሁሉ ለመልቀም የሚደረግ ጥረት ነው። የመጣው ግን አይረን ብቻ ስላልሆነ አብሮ የሚገባው መርዝም ይጨምራል። በእርስዎ ሁኔታ ከእርሳስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ካድሚየም ነው፤ ይህ አሻጋሪ ካድሚየምን በሚገባ ይቀበላልና። በጤነኛ ሰው አንጀት የሚመጠጠው ካድሚየም 5 በመቶ ገደማ ነው፤ የአይረን ክምችታቸው በተሟጠጠ ሴቶች ላይ ግን የዚህን እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይበልጥ ካድሚየም በሰውነታቸው የሚገኝባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንጀት ያለው አንድ መከላከያ ሊጠቀስ ይገባል። የአንጀት ሕዋሳት ሜታሎታዮኒን የሚባል፣ ካድሚየምን አጥብቆ የሚያስር ትንሽ ፕሮቲን ይሠራሉ። የአንጀት ሕዋስ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ደም ከመልቀቁ በፊት የታሰረው ካድሚየም ሕዋሱ ሲረግፍ አብሮ ወደ ሰገራ ይሄዳል። ይህ ብዙ ካድሚየምን ያስቀራል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ያመለጠው መጨረሻው ኩላሊት ሲሆን፣ ከዚያ ግማሹ እስኪወጣ ድረስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይወስዳል። በጃፓን ቶያማ አውራጃ በጂንዙ ወንዝ አካባቢ የማዕድን ማውጫ ፍሳሽ በገባበት ውሃ የለማ ሩዝ የበሉ ሰዎች፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው የገፋና ብዙ የወለዱ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎድቶና አጥንታቸው እየተሰባበረ ኢታይ ኢታይ በተባለው በሽታ ተሠቃይተዋል፤ የጃፓን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1968 በሽታው በካድሚየም ብክለት የመጣ መሆኑን አምኗል።

የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ መፍትሔውም በእጅዎ ነው። የደም ማነሱን መንስኤ ሐኪም ፈልጎ ያክምልዎ፤ የታዘዘልዎትን አይረን ደኅና ነኝ ብለው ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ሲጋራውን ግን ያቁሙ ብዬ እለምንዎታለሁ። የትምባሆ ቅጠል ካድሚየምን ከአፈር ስቦ የሚያከማች ተክል ነው፤ ከጭሱ ጋር የሚገባው ካድሚየም ደግሞ ሳንባ ውስጥ የሚመጠጥበት መጠን ከአንጀት እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ «ለሕፃን ልጄ ቫይታሚን ዲ ታዞለታል። ቫይታሚን ዲ እርሳስ እንዲመጠጥ ያደርጋል ይባላል። ላቋርጥ?»

መልስ፦ አያቋርጡ። ቫይታሚን ዲ ካልቢንዲንን ጨምሮ የካልሲየም አሻጋሪዎችን ስለሚያበዛ፣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የእርሳስ መመጠጥም አብሮ ሲጨምር ታይቷል። ነገር ግን ቫይታሚን ዲ ያነሰው ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ካልሲየሙም ይጎድላል፤ የካልሲየም ጉድለት ደግሞ በራሱ እርሳስን ይጋብዛል። በሐኪም የታዘዘው መጠን በቂ ካልሲየም ካለው ምግብ ጋር ሲሰጥ አሻጋሪዎቹ በካልሲየም ይያዛሉ። ከታዘዘው በላይ መስጠት ግን በሌላም ምክንያት ጎጂ ነው።

ጥያቄ፦ «የቧንቧ ውሃችን እርሳስ እንዳለበት ተነገረን። አፍልተን ብንጠጣ ይበቃል?»

መልስ፦ አይበቃም። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ እርሳስን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲቀንስ የቀረው እርሳስ ይከማቻል። ከሙቅ ውሃ ቧንቧ ቀድቶ መጠጣትም ሆነ የሕፃን ወተት መበጥበጥ አይገባም፤ ሙቅ ውሃ ከቧንቧውና ከብየዳው እርሳስን ይበልጥ ያሟሟልና። ለእርሳስ ተብሎ የተሠራና የተመሰከረለት ማጣሪያ እስኪገጠም ድረስ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከሌላ ምንጭ ይጠጡ። ነፍሰ ጡሮችን ለይቼ የጠቀስኩት በእርግዝና ጊዜ አንጀት ለፅንሱ አጥንት የሚሆን ካልሲየም አብዝቶ ስለሚወስድና ቀደም ሲል በእናትየዋ አጥንት የተቀመጠ እርሳስም ከካልሲየሙ ጋር ወደ ደም ስለሚመለስ ነው። ፅንሱን ከዚያ እርሳስ የሚከልል ነገር በእንግዴ ልጅ ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ «ልጄ የሙቀት መለኪያ በጥርሱ ሰብሮ ሜርኩሪውን ዋጠው። ሐኪሙ ብዙም አልተጨነቀም። በሌላ በኩል ዓሣ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ አደገኛ ነው እየተባለ ይነገራል። አንዱ ሜርኩሪ እንዴት ሁለት ዓይነት ይሆናል?»

መልስ፦ ሐኪሙ ልክ ነው። ሜርኩሪ በአንጀት የሚኖረው ዕጣ የሚወሰነው በያዘው ኬሚካላዊ መልክ ነው። በመለኪያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ብረት በአንጀት ውሃ አይሟሟም፤ አዮንም ስላልሆነ የሚቀበለው አሻጋሪ የለም። ከተዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚያልፈው ከ0.01 በመቶ በታች ነው፤ ሌላው በሰገራ ይወጣል። ያሳሰበኝ ወለል ላይ የፈሰሰ ካለ እሱ ነው፤ ወደ አየር የሚተነው ሜርኩሪ ሲተነፈስ 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ይገባልና። ጠብታዎቹን በመጥረጊያ አይጥረጉ፣ በአቧራ መጥረጊያ ማሽንም አይሳቡ፤ በጠንካራ ወረቀት ሰብስበው ክዳን ባለው ዕቃ ያድርጉት፣ ክፍሉንም ያናፍሱ። የተሰበረው ብርጭቆ አፉን ወይም ጉሮሮውን አለመቁረጡንም ያረጋግጡ።

በዓሣ ውስጥ የሚገኘው ሜቲል ሜርኩሪ ግን ሌላ ነገር ነው። ባክቴሪያዎች በውሃ ውስጥ ሜርኩሪን ከካርቦን ጋር አጣምረው የሚሠሩት ሲሆን፣ ከተበላው ውስጥ 95 በመቶ የሚሆነው በአንጀት ይመጠጣል። እርሳስ ካልሲየምን እንደሚመስል ሁሉ ይህም ሲስቲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣመር ሜታዮኒን የሚባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ስለሚመስል፣ የአሚኖ አሲድ አሻጋሪዎች ተቀብለው ያሳልፉታል፤ ወደ አንጎልና ወደ ፅንስም የሚደርሰው በዚሁ ዘዴ ነው። ጉበት ከሃሞት ጋር ወደ አንጀት ቢመልሰውም አንጀቱ እንደገና ይመጥጠዋል፤ ከሰውነት ቶሎ የማይወጣው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ ከተማ በይፋ የታወቀው የነርቭ በሽታ ከዚህ ውሁድ የመጣ ነበር። ዓሣን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ ሌሎች ዓሦችን እየበሉ ከሚያድጉትና ረጅም ዕድሜ ከሚኖሩት እንደ ሻርክና ሶርድፊሽ ካሉት ትልልቆች ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ይራቁ።

ጥያቄ፦ «ከባድ ብረታ ብረትን ከአንጀት ጠርገው ያወጣሉ የሚባሉ መጠጦች፣ የከሰል እንክብሎችና አንጀት ማጠቢያዎች ሲተዋወቁ አያለሁ። ለልጆቼ ብገዛ ይጠቅማሉ?»

መልስ፦ አይግዙ። የሕክምና ከሰል ብዙ መርዞችን በገጹ ላይ በመያዝ የታወቀ ቢሆንም እርሳስንና መሰል ብረታ ብረቶችን የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። ትልቁ ችግር ደግሞ እርሳሱ የሚገኝበት ቦታ ነው፤ አብዛኛው በአጥንት ውስጥ ስለሚቀመጥ አንጀትን ማጠብ አይደርስበትም።

እርሳስን ከደም አስረው በሽንት የሚያወጡ እውነተኛ መድኃኒቶች አሉ፤ ሰክሲመር በአፍ ይወሰዳል፣ ካልሲየም ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚባለው በደም ሥር ይሰጣል። በሕፃናት ላይ በአጠቃላይ የሚታዘዙት በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በዴሲ ሊትር 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከዚያ በታችስ ቢሰጥ ለሚለው ጥያቄ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ የታተመ 780 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት መልስ ሰጥቷል፤ ከ20 እስከ 44 ማይክሮግራም የነበራቸው ሕፃናት ሰክሲመር ሲወስዱ የደማቸው እርሳስ ቢቀንስም፣ በአእምሮ ችሎታ ፈተና ካልወሰዱት ሕፃናት አልተሻሉም። አንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት መድኃኒቱ አልመለሰውም። በሽያጭ ላይ ያለ መጠጥ ከዚህ የተሻለ ነገር ያደርጋል ብሎ ለእናትና ለአባት መሸጥ በጭንቀታቸው መነገድ ነው።

እርሳስን የሚያስሩት እውነተኛ መድኃኒቶችም አደጋ አላቸው። እነዚህ መድኃኒቶች ከእርሳስ ጋር ሰውነት የሚፈልጋቸውን ዚንክና ሌሎች ማዕድናትንም ይወስዳሉ። ካልሲየም ያልተጨመረበት ዳይሶዲየም ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. በስም መመሳሰል ምክንያት በስህተት ተሰጥቶ የደምን ካልሲየም በድንገት በማውረዱ ሕፃናት ሞተዋል። የእርሳሱ ምንጭ ሳይወገድ መድኃኒቱን መስጠትም በአንጀት ውስጥ ያለውን እርሳስ አሟሙቶ ይበልጥ እንዲመጠጥ ሊያደርግ ይችላል።

አንጀትን ማጠብ በእርግጥ የሚጠቅምበት አንድ ሁኔታ አለ። ልጅ የእርሳስ ቁራጭ ወይም በርካታ የቀለም ቅርፊት ውጦ ኤክስሬይ ላይ ሲታይ፣ ሐኪሞች ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ በቱቦ በብዛት በመስጠት እርሳሱ ሳይሟሟና ሳይመጠጥ በፊት ጠርገው ያስወጡታል፤ ጨጓራ ውስጥ የቆመ ቁራጭ ከሆነም በመሣሪያ ያወጡታል። ይህ የሚደረገው ሆስፒታል ውስጥ በባለሙያ ክትትል ነው። ልጅዎ የብረት ጌጥ፣ የዓሣ መረብ ክብደት ወይም የጥይት ቁራጭ ውጧል ብለው ከጠረጠሩ፣ ምልክት እስኪታይበት ወይም በሰገራ እስኪወጣ ድረስ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ለኤክስሬይ ይውሰዱት፤ ከዋጠው ጋር ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ካለም ለሐኪሙ ይዘውለት ይሂዱ።